አጥንቱን ማን ያየዋል?

ባለፈው ሰሞን ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተጣብቄ ተቀምጫለሁ፡፡ ሾፌሩ፣ እግዜር ይስጠውና፣ የድሮ ዘፈን ከፍቷል፡፡ ዘፋኙ ሁለተኛውን አዝማች ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ አንድ ትሮምቦን ብድግ ይልና ትንሽ መንገድ ብቻውን ይሄዳል፤ ከዚያ ሳክስፎኖቹ ይቀበሉታል፡፡ ያን ትሮምቦን የነፋሁት እኔ ነኝ፡፡

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አጠገቤ ለተቀመጠው ጎረምሳ «ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አልኩት፡፡ ልጁ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ «ምን አሉ አባባ?» አለኝ፡፡ «ይሄን ትሮምቦን የነፋሁት እኔ ነኝ» ብዬ ደገምኩለት፡፡ ይህን ጊዜ ረዳቱ ሰምቶ ኖሮ «አባባ፣ እርስዎ ከሆኑማ ዛሬ ሂሳብ የለብዎትም!» ብሎ ሚኒባሱን በሳቅ ሞላው፡፡ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሂሳቤንም ከፈልሁ፡፡ ምን ላድርግ? በምን ላስረዳ? መታወቂያዬ ላይ አልተጻፈ፤ ካሴቱ ላይ አልተጻፈ፡፡

ነገሩ ወዲህ ነው፡፡ ካሴቱ የወጣው በ1979 ዓ.ም. ነው፡፡ የማን ካሴት እንደሆነ አልናገርም፤ ዘፋኙ ጥፋት የለበትም፤ ሙዚቃ ቤቱም ዛሬ የለም፡፡ ቀረጻው የአንድ ሌሊት ሥራ ነበር፡፡ በሰዓት እላፊው ምክንያት ማታ ገብተን ጠዋት ነው የወጣነው፡፡ አሥር ዘፈን በአንድ ሌሊት! አንዱ ሲሳሳት ሁላችንም ከመጀመሪያው እንጀምራለን፤ ያኔ እንደ ዛሬው ስህተቷን ብቻ ቆርጦ መጣል የሚባል ነገር የለም፡፡ ሊነጋጋ ሲል ከንፈሬ አብጦ መሣሪያው አልታዘዝ ብሎኝ ነበር፡፡ ሰማንያ ብር ተቀበልኩ፣ ፈርሜ ወጣሁ፡፡ በገንዘቡ አልተከፋሁም፤ የተስማማሁበት ነው፡፡ የከፋኝ ካሴቱ ገበያ ወጥቶ ሽፋኑን ሳይ ነው፡፡ የዘፋኙ ፎቶ አለ፡፡ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹ ስም አለ፡፡ የአከፋፋዩ ስልክ ቁጥር አለ፡፡ የዘፋኙን ፀጉር የሠራችው ሴት ሳትቀር ተመስግናለች! እኛ ግን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳንባችንን ያራገፍነው ስምንት ሰዎች፣ «ባንዱ» ነን፡፡ በቃ፡፡

ከዚያ ወዲህ አንድ አመል ያዘኝ፡፡ የሙዚቃ ሸክላም ሆነ ካሴት ወይም ሲዲ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማነበው ትንንሾቹን ፊደላት ነው፡፡ ፎቶውን ማንም ያየዋል፤ እኔ መነጽሬን አድርጌ ከታች ያለውን እለቅማለሁ፡፡ ዛሬ የማወጋችሁን ሴት ያገኘኋትም በዚሁ አመሌ ነው፡፡

ከዋሽንግተን ለዘመድ ጥየቃ የመጣ የድሮ ጓደኛዬ የፒያኖ ተጫዋቹን የራንዲ ዌስተንን «ኡሁሩ አፍሪካ» የተባለ ሥራ አመጣልኝ፡፡ ኡሁሩ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው፡፡ ሰማሁት፡፡ ከሃያ በላይ ሰው የሚጫወትበት፣ ከበሮው ከየአቅጣጫው የሚመጣ፣ የነሐስ መሣሪያዎቹ አንዴ እንደ ጎርፍ አንዴ እንደ ሹክሹክታ የሚሆኑበት ትልቅ ሥራ ነው፡፡ ይህን ሁሉ ሰው ማን አስማማው ብዬ ትንንሾቹን ፊደላት ስፈልግ «ቅንብር፤ ሜልባ ሊስተን» ይላል፡፡ ወንድ መሰለችኝ፡፡ ኋላ ስጠይቅ፣ ስበረብር፣ ሴት ናት፡፡ ደግሞስ ምን ዓይነት ሴት? ትሮምቦን ነፊ!

የሷን ታሪክ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን በእኛ፡፡ ሜልባ በ1926 በካንሳስ ሲቲ ተወለደች፡፡ ትሮምቦን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በሰባት ዓመቷ፣ ለሽያጭ ከቀረቡ መሣሪያዎች መካከል ነው፡፡ ቆንጆ መስሎ ታያት፤ እናቷም ገዛችላት፡፡ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፡፡ ትራምፔት ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሳክስፎንማ ቁልፍ በቁልፍ ነው፡፡ ትሮምቦን ግን የሚሳብና የሚገፋ ቱቦ ነው፡፡ ሰባት ማቆሚያ አለው፤ ማቆሚያዎቹ ግን ምልክት የላቸውም፡፡ እጅህ የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚነግርህ ጆሮህ ብቻ ነው፡፡ በዚያ ላይ መጨረሻዎቹ ማቆሚያዎች ሩቅ ናቸው፤ የልጅ ክንድ አይደርስባቸውም፡፡ ሜልባ አንገቷን ወደ ጎን እያዞረች ትደርስባቸው እንደነበር ኋላ ራሷ ተናግራለች፡፡ በስምንት ዓመቷ በአካባቢው ሬዲዮ ላይ ብቻዋን ተጫወተች፡፡

በ1937 ቤተሰቡ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ፡፡ በ16 ዓመቷ በሊንከን ቴአትር ባንድ ውስጥ ተቀጠረች፤ ኖታ መጻፍ የጀመረችውም እዚያ ነው፡፡ ቀጥላ በጄራልድ ዊልሰን ትልቅ ባንድ ውስጥ ገባች፤ ለመሪው ኖታ እየገለበጠች ሙያውን ከሥሩ ተማረች፡፡ ይህ ኖታ ግልበጣ የሚባለው ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ፡፡ የትልቁን ባንድ ወረቀት ለእያንዳንዱ ተጫዋች በእጅ መገልበጥ ማለት ነው፤ ዓይን ያጠፋል፣ ወገብ ይሰብራል፡፡ የሚገለብጥ ሰው ግን የሌላውን ሰው አሳብ መስመር በመስመር ያየዋል፡፡ እኔ ራሴ ከአለቃዬ ይልቅ ከገለበጥኩት ኖታ ነው የተማርኩት፡፡

በ1949 በዲዚ ጊሌስፒ ባንድ ውስጥ ከጆን ኮልትሬን ጋር ሠራች፡፡ በዚያው ዘመን ከቢሊ ሆሊደይ ጋር ወደ አሜሪካ ደቡብ ዞረች፤ ጉዞው ከሰረ፤ ሙዚቀኞቹ ኪሳቸው ባዶ እንደሆነ መንገድ ላይ ቀሩ፡፡ ሜልባ አንገሸገሻት፡፡ ወደ ሎስ አንጀለስ ተመልሳ ከከተማይቱ የትምህርት ቦርድ የቢሮ ጸሐፊነት ተቀጠረች፡፡ ለዓመታት! ጊሌስፒን የመሰለ ሰው ያጫወታት ሙዚቀኛ ፋይል ስትደረድር ዋለች፡፡ በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ ለሆሊውድ ፊልም አጃቢ ሆና ቆመች፤ በ1955 በአንድ ፊልም ላይ ከላና ተርነር ኋላ በገና ይዛ ትሄዳለች፡፡ በ1956ቱ «አሥርቱ ትእዛዛት» ውስጥም አለች፡፡ በፋሲካ ሰሞን ያን ፊልም ያላየ ማን አለ? ሙሴን አይተናል፣ ፈርዖንን አይተናል፡፡ ከሕዝቡ መካከል አንዷ ትሮምቦን ነፊ መሆኗን ግን ማን ነግሮን!

በ1956 ጊሌስፒ እንደገና ጠራት፡፡ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጃዝን የዲፕሎማሲ መሣሪያ ለማድረግ ፈልጎ ባንዱን ወደ ኢራን፣ ሶርያ፣ ሊባኖስ፣ ፓኪስታን፣ ቱርክ፣ ዩጎዝላቪያና ግሪክ የላከበት ጊዜ ነው፡፡ ወንዶቹ አጉረመረሙ፡፡ እዚህ ኒው ዮርክ ስንት ትሮምቦን ነፊ ተቀምጦ ካሊፎርኒያ ድረስ ተልኮ ሴት ይመጣል ወይ አሉ፤ እሱንም ጋዜጣ ላይ በማይጻፍ ቃል ነው ያሉት፡፡ ጊሌስፒ ምንም አልመለሰም፡፡ የጻፈችውን ቅንብር አምጪ አላት፡፡ ወረቀቱ ታደለ፡፡ ተጫወቱ ተባሉ፤ ወንዶቹ ተደናቀፉ፡፡ ደግመው ቢሞክሩት እንደገና ተደናቀፉ፡፡ ያን ጊዜ ነው ጊሌስፒ ያን የሰደቧትን ቃል አንስቶ፣ እስቲ አሁን ማነው እንዲያ ሲል የጠየቃቸው፡፡ ከዚያ ወዲያ በችሎታዋ የሚያጉረመርም አልነበረም፡፡ መንገድ ላይ የደረሰባት ግን ማጉረምረም ብቻ አልነበረም፡፡ ከባንዶች ጋር በዞረችባቸው ዓመታት መደፈር እንደደረሰባት፣ ሐኪም ዘንድ ሄዳም ያንኑ ተናግራ ትመለስ እንደነበር፣ ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ በራሷ አንደበት ተናግራለች፡፡ ይህን ጉዳይ በዚህ ልለፈው፤ የሚያነብ ይረዳዋል፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፡፡ አቀናባሪ ምንድነው የሚሠራው? ዜማ አንድ መስመር ነው፡፡ ደራሲው በፒያኖ ይመታዋል ወይም ያንጎራጉረዋል፡፡ አቀናባሪው ያን አንድ መስመር ይዞ ባዶ ወረቀት ፊት ይቀመጣል፡፡ አራቱ ትራምፔቶች ምን ይበሉ? ትሮምቦኖቹ ከሥራቸው ይደግፏቸው ወይስ ይከራከሯቸው? ሳክስፎኖቹ መቼ ይግቡ? ከሁሉም በላይ፣ ማን መቼ ዝም ይበል? እናንተ ዘፈኑን ስትወዱት «ዜማው» ትላላችሁ፡፡ ብዙ ጊዜ ልባችሁን የነካው ዜማው ሳይሆን ከዜማው ሥር የተነጠፈው ነው፡፡

ሜልባ በስሟ ያወጣችው አልበም በሕይወቷ አንድ ብቻ ነው፡፡ አንድ! በ1958 መጨረሻ ላይ የተቀረጸ ሲሆን ርዕሱ «ሜልባ ሊስተንና አጥንቶቿ» እንደማለት ነው፡፡ በፈረንጆቹ የሙያ ቋንቋ ትሮምቦን ሲያሳጥሩት «ቦን» ይሉታል፤ አጥንት ማለት ነው፡፡ በቀልድ የተሰጠ ርዕስ ነው፤ ለእኔ ግን ከቀልድ በላይ ሆነብኝ፡፡ ሥጋውን ሰው ያየዋል፤ ፊቱን፣ ጥርሱን፣ ቀሚሱን ያየዋል፡፡ አጥንቱን ማን ያየዋል? አጥንት የሚታየው ሲሰበር ነው፡፡

ከዚያ ወዲያ ያለውን ዘመኗን ብትቆጥሩ የሌሎችን ስም ስትቆጥሩ ትውላላችሁ፡፡ በ1959 ከኩዊንሲ ጆንስ ባንድ ጋር አውሮፓ ሄደች፤ ያጅቡት የነበረው የመድረክ ትርኢት ፓሪስ ላይ ሲዘጋ ባንዱ ለወራት ከከተማ ከተማ ሲንከራተት እሷም አለች፡፡ ወደ ኒው ዮርክ ተመልሳ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ትሮምቦኗን ይዛ ሠራች፡፡ ለሚልት ጃክሰን አቀናበረች፤ ለጆኒ ግሪፊን አቀናበረች፡፡ በ1960ዎቹ ደግሞ ሞታውን ለሚባለው ትልቅ የሸክላ ድርጅት ዘፋኞች፣ ለእነማርቪን ጌይ፣ ቅንብር ጻፈች፡፡ ሞታውን ካልኩ ዘንድ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፡፡ የዚያ ድርጅት ቋሚ አጃቢዎች፣ ፈንክ ብራዘርስ የሚባሉት፣ ለዓመታት ዓለምን ሲያስጨፍሩ ስማቸው ሽፋን ላይ አይወጣም ነበር፡፡ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው በ1971 በማርቪን ጌይ አልበም ላይ ነው፡፡ አዩልኝ ጉድ? ይህ በሽታ የእኛ አገር በሽታ ብቻ አይደለም፡፡ ልዩነቱ እነሱ ዘንድ አንድ ቀን መጻፍ ተጀመረ፡፡

«ኡሁሩ አፍሪካ» የተቀረጸው በኖቬምበር 1960 ነው፡፡ በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ አሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች ነፃ የወጡበት ጊዜ! ቃሉን የጻፈው ባለቅኔው ላንግስተን ሂዩዝ ነው፡፡ ከበሮው ላይ ማክስ ሮችና ናይጄሪያዊው ባባቱንዴ ኦላቱንጂ አሉ፤ ከኩባም ከበሮ መቺ አለ፡፡ ጃዝን፣ የኦፔራ ድምፅንና የአፍሪካን ከበሮ አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ሳይጣሉ እንዲሄዱ ማድረግ የሜልባ ሥራ ነበር፡፡ ልብ በሉ፣ በዚህ ቀረጻ ላይ ትሮምቦን የነፉት ሌሎች ናቸው፤ የሷ መሣሪያ እርሳስ ነበር፡፡ የደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ መንግሥት በ1964 ይህን ሥራ አገደው፡፡ የሚፈራ ሙዚቃ ነበር ማለት ነው፡፡

ስለ ራንዲ ዌስተን እዚህ ላይ ሳልመሰክር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል፡፡ በ2018 እስኪሞት ድረስ ስሟን አንስቶ አይጠግብም ነበር፡፡ አሳቡ የእኔ ነው፣ መልክ የሰጠችው ግን ሜልባ ናት የሚል ሰው ነበር፡፡ ትልቅ ሰው አጃቢውን ስለጠራ አላነሰም፤ እንዲያውም እኔ ራንዲን የወደድኩት ስለዚህ ነው፡፡

በ1973 ሜልባ ወደ ጃማይካ ሄደች፡፡ በጃማይካ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የጃዝና የታዋቂ ሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ሆና እስከ 1979 ድረስ አስተማረች፡፡ ጃማይካ ደግሞ የትሮምቦን አገር ናት፤ ለእኛም ቅርብ ናት፡፡ በ1969 የሞተው ትሮምቦን ነፊ ዶን ድራመንድ የነበረበት ስካታላይትስ የተባለው ባንድ «አዲስ አበባ» የሚል ሙዚቃ አለው፡፡ እኛ አዲስ አበባዎቹ ያን ሙዚቃ ስንቶቻችን ሰምተነው ይሆን? ወደ ጉዳዬ ልመለስ፡፡ ሜልባ እዚያ ሳለች «ስማይል ኦሬንጅ» ለተባለው የ1976 ፊልም ሙዚቃ ሠርታለች፡፡

አገሯ ተመልሳ የራሷን ባንድ አቋቋመች፡፡ በ1985 ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ ሰውነቷ በከፊል ሽባ ሆነ፤ ትሮምቦን የሚባል ነገር አበቃ፡፡ ቅንብሩ ግን አላበቃም፡፡ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ በኮምፒዩተር እየታገዘች ጻፈች፡፡ በ1991 ራንዲ የቀረጸው «የአያቶቻችን መናፍስት» የተባለው ሥራ የዚያን ጊዜ ቅንብሯ ነው፤ እስቲ ፈልጋችሁ ስሙት፣ የሕመምተኛ ሥራ ይመስላል ወይ? በ1987 መንግሥቷ የጃዝ ሊቅነት ማዕረግ ሰጣት፡፡ በ1999 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሞተች፡፡ ወረቀቶቿ ቺካጎ በሚገኝ የጥቁሮች ሙዚቃ ምርምር ማዕከል ገቡ፤ በ2014 ምሁራን ያን ሣጥን ከፍተው አንድ ሙሉ የመጽሔት እትም ስለሷ አወጡ፡፡ የእጅ ጽሑፏ ምስክር ሆነላት፡፡

አሁን ወደ ሰፈራችን እንግባ፡፡ የእኛ ሣጥን የት ነው?

ግርማ በየነን ውሰዱ፡፡ ድምፁን የቀረጸባቸው ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በሌሎች ስም ከወጡት መካከል ግን ስንቱን እሱ አቀናብሮታል፣ በስንቱ ላይ ፒያኖ መትቷል! በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፡፡ ለብዙ ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠራ፡፡ ሜልባ ትምህርት ቦርድ፣ ግርማ ነዳጅ ማደያ፡፡ ደግነቱ በ2009 ዓ.ም. ከአንድ የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ ሥራ አወጣ፤ ፈላጊ ተገኘለት፡፡ ፈላጊው ግን ከየት መጣ? ከፓሪስ! ፈረንሳዊው ሰው የእኛን የድሮ ሸክላ አገላብጦ ትንንሾቹን ፊደላት ስላነበበ ነው፡፡ ግርማ ቢያንስ በሸክላ ዘመን የሠራ ሰው ነው፤ ሸክላው መሐል ላይ «ቅንብር» ብሎ ስሙን የሚያወጣበት ጊዜ ነበር፡፡ ካሴት ከመጣ በኋላ የባንዱ ስም ብቻ ቀረ፡፡ ዛሬ ደግሞ ስልክ ላይ የሚሰማው ሙዚቃ ሽፋን እንኳ የለውም፤ ያለው አንዲት ጣት የምታህል ፎቶ ናት፡፡

አንድ የሙዚቃ ቤት ባለቤት የነበረ ወዳጄን ይህን ብነግረው ሳቀብኝ፡፡ «አንተ ሰውዬ፣ ቤት የሠራ ግንበኛ በር ላይ ስሙን ይጽፋል?» አለኝ፡፡ ነገሩ ያስቃል፤ እውነትም አለው፡፡ ያ ሰው ገንዘቡን ለአደጋ አጋልጦ ነው ካሴት የሚያሳትመው፤ አንዳንዱ ካሴት ሦስት መቶ እንኳ ሳይሸጥ ቁጭ ብሎበታል፡፡ እኔ ሰማንያ ብሬን በጠዋቱ ይዤ ስሄድ እሱ ዕዳ ይዞ የቀረበት ጊዜ አለ፡፡ ይህን አልክድም፡፡ ግን ጎበዝ፣ ግንበኛ ከሄደ በኋላ ግድግዳው ውስጥ ትንፋሹ አይቀርም! የእኔ ትንፋሽ እኮ ነው እዚያ ካሴት ላይ ያለው፡፡ በየሚኒባሱ የሚነፋው ያ ትንፋሽ ነው፡፡

ደግሞም የእኔ ብስጭት ብቻ ቢሆን ጋዜጣ አላጣብብም ነበር፡፡ ሕግ አለ፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሙዚቀኛውን «ከዋኝ» ብሎ ይጠራዋል፤ በድምፁ ቀረጻ ላይ መብት ይሰጠዋል፤ መብቱም ሃምሳ ዓመት ይቆያል፡፡ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ክፍያ የሚሰበስብ ማኅበር የሚቋቋምበትን መንገድ ከፈተ፡፡ ሸጋ አዋጅ ነው፡፡ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሟል፣ ማኅተሙ ያምራል፡፡ ታዲያ እስቲ ንገሩኝ፣ ከእኛ መካከል ማን ሄዶ ማን ነኝ ይላል? ከፋዩ «ስም ዝርዝር አምጡ» ቢል የቱን ወረቀት እናሳያለን? ስሙ ያልተጻፈ ሰው መብቱ አዋጅ ላይ ቢያብብ ምን ይጠቅመዋል? ሃምሳ ዓመት ስትሉ ደግሞ ቁጠሩ፡፡ በ1960ዎቹ የተቀረጸው ሁሉ ጊዜው እየሞላ ነው፤ አንዳንዱም ሞልቶ አልፏል፡፡ እኛም እየሞላን ነው፡፡ ከዚያ ሌሊት ስምንት ሰዎች መካከል አምስቱ ዛሬ የሉም፡፡

የምጠይቀው ብዙ አይደለም፡፡ የድሮ ዘፈን አድሶ የሚያወጣ ሰው ከማውጣቱ በፊት በሕይወት ያለነውን ጠርቶ ይጠይቅ፡፡ የሬዲዮ አቅራቢዎች የዘፋኙን የልጅነት ፍቅር ከመተረክ ቀንሰው «ጊታሩን የመታው እገሌ ነው» ይበሉ፤ ሦስት ሰኮንድ አይወስድም፡፡ አዲስ ቀረጻ የሚያደርጉ ልጆች፣ ዘፈናችሁን ስልክ ላይ ስትጭኑ ስም የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ሙሉት፡፡ ኖታ በቤቱ ያለው ደግሞ ለስኳር መጠቅለያ አይስጠው፡፡ (ሳቅ እንዳይመስላችሁ፤ የአንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ኖታ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ተጠቅልሎበት አይቻለሁ፡፡ ሁለት ገጽ ገዝቼ አስቀርቻለሁ፤ ሦስተኛው ገጽ ተሽጦ አልቆ ነበር፡፡)

እዚህ ላይ ጽሑፌን ልዘጋ አስቤ ነበር፡፡ የሜልባ ነገር ግን አላስተኛኝም፤ ምክንያቱም እኔም የምናዘዘው አለኝ፡፡

በ1974 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ ከምንለማመድበት ግቢ አንዲት ልጅ መጣች፡፡ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳለች፤ ከሰልፍ ሙዚቃ አይታ እንደሆነ እንጃ፣ ቀጥታ ወደ እኔ መጥታ «ጋሼ፣ ይሄን የሚሳበውን መማር እፈልጋለሁ» አለችኝ፡፡ በእኛ ዘመን ሴት ልጅ ለማይክሮፎን እንጂ ለነሐስ አትታጭም፡፡ «አንቺ፣ እጅሽ መች ይደርሳል!» አልኳት፡፡ ልጆቹ ሁሉ ሳቁ፤ አንዱማ ከዚያ የባሰ ነገር ተናገረ፡፡ ልጅቱ ግን አልሄደችም፡፡ መሣሪያውን አንዴ እንድሰጣት ለመነችኝ፤ ለማላገጥ ሰጠኋት፡፡ ነፋችው፡፡ ድምፅ ወጣ! ለጀማሪ የሚያወጣው ቀርቶ እኔ ራሴ በስንት ሳምንት ያወጣሁት ንጹሕ ድምፅ፡፡ ቱቦውን ስትስበው ጫፍ አልደረሰላትም፤ አንገቷን ወደ ጎን አዞረችና ደረሰችበት፡፡ ያን ጊዜ አልገባኝም፡፡ መሣሪያዬን ተቀብዬ በሸሚዜ ጠርጌ «በይ ወደ ቤትሽ» አልኳት፡፡ በሚቀጥለው ሳምንትም መጣች፤ ዘበኛው መለሳት፡፡ ዘበኛውን መልሳት ያልኩት እኔ ነኝ፡፡

ስለ ስሜ ይህን ሁሉ ስጮህ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም፡፡ ዛሬ በሕይወት ካለች ስድሳ ዓመት ሊሞላት ነው፡፡ ልምምዳችን የነበረው ከአምባሳደር ሲኒማ ቤት ጀርባ ነው፤ ሠፈሯም ከዚያ ሩቅ አይመስለኝም፣ በእግሯ ነበር የምትመጣው፡፡ ቀኝ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ ነበራት፡፡ የሚያውቃት ካለ፣ ወይም ራሷ ይህን ካነበበች፣ ለዝግጅት ክፍሉ ስሟን ብቻ ትተው፡፡ ትሮምቦኑ አሁንም እኔ ዘንድ አለ፡፡ ስላይዱ ትንሽ ይዟል፤ ዘይት ይፈልጋል፡፡